የራስ ሴላስ ተራራ፦ ልብ ወለድ ወደ አምባሰል የጠራቸው መንገደኞች

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ውርጌሳንና መርሳን አቋርጦ ሲያልፍ በስተምዕራቡ የአምባሰል ተራሮች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ተራሮች መካከል ግሸን አምባ በኢትዮጵያ የታሪክ መጻሕፍት የነገሥታት ልጆች በጥበቃ የሚኖሩበት ሥፍራ፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ የክርስቶስ መስቀል ግማድ ያረፈበት ደብር ሆኖ ይታወቃል። በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ግን ይኸው አምባ ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር እምብዛም የማይመሳሰል ሦስተኛ ሕይወት ኖሯል፤ ደራስያን «የአማራ ተራራ» እያሉ ምድራዊ ገነት አደረጉት፣ አንባቢዎቻቸውም ያንን ገነት ወይም የእርሱን ቅሪት ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ ተጓዙ። የአካባቢው፣ የሐብሩና የአምባሰል፣ ሰው ከብቱን የሚያሰማራበትና ንግሥ የሚወርድበት አገር፣ አይቶት በማያውቅ ደራሲ ብዕር እንዴት የመንገደኛ መዳረሻ እንደ ሆነ መመርመር፣ ልብ ወለድ ሰውን ከቤቱ የማስነሣት ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ጥሩ አጋጣሚ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ዘመናቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ እውነተኛው አምባ ምን እንደ ነበር መታወቅ ይኖርበታል። ከይኩኖ አምላክ ወዲህ የነገሡት ነገሥታት፣ በዙፋኑ ላይ የይገባኛል ጥያቄ ሊያነሡ የሚችሉትን ወንድሞቻቸውን፣ ልጆቻቸውንና የአጎቶቻቸውን ልጆች ገደላማ በሆነ አምባ ላይ አስቀምጠው በዘብ የማስጠበቅ ልማድ ነበራቸው፤ ልማዱ የእርስ በርስ ጦርነትን ለማስቀረት የታሰበ ሲሆን፣ ንጉሡ ሲሞት ደግሞ ሹማምንቱ ከዚያው አምባ አንዱን መርጠው አውርደው ያነግሡ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ከመንገሡ በፊት በግሸን ይኖር እንደ ነበር ይነገራል፤ ናዖድም በ1494 ለዘውድ የተጠራው ከዚያው ነው። አምባው ዙሪያውን በገደል የታጠረ፣ ብርድና ነፋስ የሚበረታበት ደጋ በመሆኑ፣ በላዩ የሚኖሩት መሳፍንት ክብር እንጂ ነጻነት አልነበራቸውም። በአጭር ቃል ለመናገር፣ ቦታው የእስር ቤትና የዙፋን ደጅ በአንድነት ነበረ፤ በኋላ የመጡትን ደራስያን የሳባቸውም ይኸው ድርብ ባሕርይው ሳይሆን አይቀርም።

የአውሮፓ አንባቢ ወደዚህ አገር መመልከት የጀመረው ግን ከአምባው ዝና በፊት፣ ራሱ ልብ ወለድ በሆነ አንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው። በ1165 ገደማ፣ ፕሬስተር ጆን (ቄስም ንጉሥም የሆነ የምሥራቅ ክርስቲያናዊ ገዥ ማለት ነው) ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ኮምኔኖስ የላከው ነው የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሠራጨ፤ በውስጡም ወተትና ማር ስለሚፈስስባት፣ ሌባና ውሸታም ስለሌለባት፣ ወንዞቿ የከበረ ድንጋይ ስለሚያወርዱባት ሰፊ ግዛት ይተርካል። ደብዳቤውን ማን እንደ ጻፈው እስከ ዛሬ ባይታወቅም ፈጠራ መሆኑ ግን አያከራክርም፤ እንዲያም ሆኖ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቅጂዎች ተባዝቶ በየቋንቋው ተነበበ። አንባቢዎቹ ይህን ንጉሥ መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት፤ ከ14ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ደግሞ በኢትዮጵያ አለ ማለት ጀመሩ። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ዮሐንስም በ1487 ፔሮ ዳ ኮቪልያን የተባለውን መልእክተኛ በምሥጢር ላከ፤ ኮቪልያን ከብዙ ዓመት መንከራተት በኋላ የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት አገኘ፤ ነገር ግን ነገሥታቱ ርስትና ሚስት ሰጥተው አኖሩት እንጂ ወደ አገሩ እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። አንድ የተፈጠረ ደብዳቤ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ እውነተኛ ሰው ከእውነተኛ አገር ማድረሱ፣ ልብ ወለድ ለሚቀሰቅሰው ጉዞ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ ትልቁ ሊባል ይችላል።

ኮቪልያንን በሸዋ ሲኖር ያገኙት በ1520 ምጽዋ ላይ ከወረደው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር የመጡት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ናቸው። አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ተቀምጠው ላሊበላን ጎብኝተዋል፤ በዚያ ያዩትን ቢጽፉ የሚያምናቸው እንዳይጠፋ ፈርተው በመሐላ እስከ ማረጋገጥ ደርሰዋል። ከዚያም በአንጎት በኩል ወደ ደቡብ ሲያቀኑ ዛሬ ሰሜንና ደቡብ ወሎ በሚባለው አገር አልፈው፣ መሳፍንቱ የሚጠበቁበትን ተራራ ዝና ሰምተዋል፤ ቀርበውትም ነበር፣ ወደ ላይ ግን አልወጡም። ተራራውን ለመዞር ዐሥራ አምስት ቀን እንደሚፈጅ መጻፋቸው፣ አንዱን አምባ ከመላው የተራራ ሰንሰለት ጋር ከመደባለቃቸው የመጣ ይመስላል፤ ያም ሆኖ ይህቺ አንዲት ቁጥር ለተከታዮቹ ደራስያን ሰፊ ሜዳ ከፈተችላቸው፤ ዐሥራ አምስት ቀን የሚያስኬድ ተራራ በላዩ ከተማም ቤተ መንግሥትም ጫካም ለማስፈር የሚበቃ ነውና።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ ሊዝቦን ላይ የታተመው በ1540 ነው። በዚያው ዓመት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ሠራዊት ቀደም ሲል ሞክሮ ያልተሳካለትን ግሸንን ያዘ፤ በአምባው የነበሩትም ተገደሉ፣ የንጉሡም ግምጃ ቤት ተዘረፈ። ስለዚህ አውሮፓዊው አንባቢ ስለ መሳፍንቱ ተራራ ማንበብ በጀመረበት ወቅት ተራራው የመሳፍንት ማኖሪያነቱን አጥቶ ነበር። ከዚህ በኋላ የተጻፉት ጽሑፎች ሁሉ፣ ጸሐፊዎቹ ባያውቁትም፣ ስለ ጠፋ ነገር የተጻፉ ናቸው፤ ምናልባትም ምናባቸው ያለ ከልካይ የተንሰራፋው ስለዚህ ይሆናል።

ከልክ ያለፈው የስፔን ዶሚኒካዊ መነኩሴ የነበረው ሉዊስ ዴ ኡሬታ ነው። ኡሬታ በ1610 ቫሌንሲያ ላይ ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ይል ከነበረ ዮሐንስ ባልታሳር ከሚባል ሰው የሰማውን መሠረት አድርጎ፣ የአማራን ተራራ በወርቅና በዕንቁ የተሞላ፣ ክረምትና በጋ የማይፈራረቁበት፣ ሁለት ታላላቅ ገዳማት ያሉበት፣ ከሰሎሞን ዘመን ጀምሮ የተሰበሰቡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው መጻሕፍት የተከማቹበት ሥፍራ አድርጎ ሣለው። ጽሑፉ በታሪክ ስም የቀረበ ስለ ነበረ ጉዳቱ ከተራ ልብ ወለድ ይልቅ የከፋ ሆነ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ (የኢየሱስ ማኅበር የሚባለው የካቶሊክ ቡድን አባል) ኡሬታን ነጥብ በነጥብ የሚያፈርስ ሰፊ ታሪክ ጻፈ፤ ፓኤዝ አማርኛንና ግእዝን የሚያውቅ፣ አገሩንም በእግሩ የረገጠ ሰው ነበርና ማስረጃው ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ በ1622 ሲሞት ሥራው በእጅ ጽሑፍ ቀረ፤ ለኅትመት የበቃውም ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ በኋላ ነው። ማስተባበያው በመዝገብ ቤት ሲያንቀላፋ፣ ፈጠራው ግን ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሲነበብ ኖረ።

እንግሊዛዊው የጉዞ ጽሑፎች ሰብሳቢ ሳሙኤል ፐርቻስ በ1613 ባወጣው መጽሐፉ የኡሬታን ገለጻ ተቀበለ፤ ጆን ሚልተንም በ1667 በታተመው «የጠፋችው ገነት» በሚለው ቅኔያዊ ሥራው የአማራን ተራራ ከእውነተኛይቱ ገነት ጋር ከሚነጻጸሩ ሐሰተኛ ገነቶች መካከል ቈጠረው። ፐርቻስን ሲያነብብ የነበረው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ደግሞ በ1816 ባሳተመው «ኩብላ ካን» ግጥሙ ስለ አንዲት ሐበሻዊት ልጃገረድና ስለምትዘምርለት ተራራ ጽፏል፤ በእጁ በተጻፈ ቀዳሚ ቅጂ የተራራው ስም «አማራ» ተብሎ ይነበባል።

ከሁሉ ይልቅ አንባቢን ለጉዞ ያነሣሣው መጽሐፍ ግን የሳሙኤል ጆንሰን «ራስ ሴላስ» ነው። ጆንሰን ወደ አፍሪካ ቀርቶ ከብሪታንያ ውጭ እንኳ ብዙ ያልተጓዘ ሰው ቢሆንም፣ በወጣትነቱ በ1735 የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎሙ ስለ አገሪቱ ከዘመኑ ሰዎች የተሻለ ዕውቀት ነበረው፤ የባለታሪኩንም ስም ያገኘው ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደ ሆነ ይታመናል። በ1759 እናቱ በሞተችበት ወር ለቀብሯ ወጪና ለዕዳዋ ገንዘብ አስፈልጎት መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ እንደ ጨረሰው ይነገራል። ታሪኩ የሚጀምረው በአማራ ግዛት ባለ፣ በተራሮች በተከበበ «የደስታ ሸለቆ» ነው፤ በውስጡ የንጉሠ ነገሥቱ ልጆች የዙፋን ተራቸው እስኪደርስ ድረስ አንዳች ሳይጎድልባቸው ተዘግተው ይኖራሉ። አራተኛው ልጅ ራስ ሴላስ በምቾቱ ይሰለቻል፤ ከእኅቱ ከነቃያና ከጠቢቡ ከእምላክ ጋር በተራራው ሥር ዋሻ ፈልፍሎ ወጥቶ ወደ ካይሮ ይሄዳል፤ በዓለም ተዘዋውሮም ፍጹም ደስታ ያገኘ ሰው ያጣል።

ጆንሰን ሁለት ለውጦች ማድረጉ ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ መሳፍንቱን ከአምባው ጫፍ አውርዶ ሸለቆ ውስጥ አስገባቸው፤ ይህ ለውጥ መልክዓ ምድሩን ከእውነቱ ቢያርቀውም፣ ለአውሮፓዊ አንባቢ እስርን በምቾት ሸፍኖ ለማቅረብ ግን አመቸው። ሁለተኛ፣ የኡሬታን ገነት ወስዶ መልሶ ገለበጠው፤ ወርቁና ፍሬው እንዳለ ሆኖ ሰው የሚሸሽበት ቦታ አደረገው። የሚያስገርመው፣ ባለታሪኩ በብዙ ድካም ያመለጠበትን ሸለቆ አንባቢዎቹ በብዙ ድካም መፈለጋቸው ነው፤ መጽሐፉ ከተዘጋ ቦታ መውጣትን ሲያስተምር፣ እነርሱ ግን የመግቢያውን በር ይጠይቁ ነበር። ይህ የአንባቢን አለማስተዋል ብቻ የሚያሳይ አይደለም። ልብ ወለድ የሚሰጠው ትምህርት ሊዘነጋ ይችላል፤ የሚሥለው ቦታ ግን ከአንባቢው ዐይን በቀላሉ አይጠፋም።

ጆንሰን በሕይወት ሳለ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቆይቶ፣ የጣና ገባር የሆነውን የግልገል ዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይ ላይ አይቶ ተመለሰ። ጆንሰን ግን፣ አገሩን ከመጻሕፍት ብቻ የሚያውቀው ሰው፣ አገሩን አይቶ የመጣውን ሰው እንደ ተጠራጠረው ይነገራል፤ የብሩስ ትረካ ከደስታው ሸለቆ ጋር ፈጽሞ አይስማማም ነበርና። በብሩስ ዘመን መሳፍንቱ የሚጠበቁት በግሸን ሳይሆን፣ ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ባቋቋሙት፣ ከጎንደር በስተምሥራቅ በበለሳ በኩል በሚገኘው ወህኒ አምባ ነበር፤ በመሆኑም «የራስ ሴላስ ተራራ» ሁለት ሆነ፦ መጽሐፎቹ የሚያመለክቱት የአምባሰሉ ግሸንና በጆንሰን የሕይወት ዘመን በሥራ ላይ የነበረው የጎንደሩ ወህኒ።

በ1955 ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣው እንግሊዛዊ ቶማስ ፓከናም የራስ ሴላስ ተራራ የትኛው ነው በሚል ጥያቄ ተነሣሥቶ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በበቅሎ እየተጓዘ ወህኒን ፈልጎ አገኘው፤ በ1959ም ጉዞውን «የራስ ሴላስ ተራሮች» በሚል ርእስ አሳተመ። ርእሱ ራሱ በኋላ የታሪክ ጸሐፊ የሆነውን ይህን ተጓዥ ወደ በረሃውና ወደ ገደሉ የላከው የ18ኛው ምዕተ ዓመት ልብ ወለድ መሆኑን ይመሰክራል። የፓከናም ሥራ ከቀዳሚዎቹ የሚለየው ፈጠራውን ፈልጎ መጥቶ ታሪኩን በማግኘቱና ያገኘውንም ሳያስጌጥ በማቅረቡ ነው፤ ይሁንና የእርሱ መጽሐፍ በተራው ሌሎች መንገደኞችን ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ሳይጠራ አልቀረም።

እንዲህ ያለው ፍለጋ በወሎና በጎንደር ብቻ የታየ አይደለም። በጣሊያኗ ቬሮና ከተማ ጎብኚዎች የሚሰለፉለት፣ በተውኔት በታወቀችው ልጃገረድ ስም የሚጠራው «የዡልየት ሰገነት» በ20ኛው ምዕተ ዓመት የተጨመረ ነው፤ በሐረርም «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ያማረ የእንጨት ቤት ፈረንሳዊው ባለቅኔ ከሞተ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። አንባቢ ሲመጣ የሚያየው ነገር ካጣ አገሩ ይሠራለታል፤ በግሸን ይህ አለመደረጉ፣ አንድም አምባው ራሱ ቅጥያ የማይሻ በመሆኑ፣ አንድም ቦታው ከአውሮፓውያኑ መጻሕፍት አስቀድሞ የራሱ መጽሐፍና የራሱ ተጓዥ ስለ ነበረው ነው።

ያ መጽሐፍ «መጽሐፈ ጤፉት» ይባላል፤ የመስቀሉ ግማድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በመስቀለኛ ቅርጽ በተፈጠረው አምባ እንዴት እንዳረፈ ይተርካል። መስከረም 21 ቀን በሚከበረው ክብረ በዓል ከመላ አገሪቱ የሚመጣው ምእመን የሚጓዘው ይህንን ትረካ እንደ ቅዱስ ታሪክ ይዞ ነው፤ ስለዚህም ልብ ወለድ ካነሣሣው መንገደኛ ጋር በአንድ መዝገብ ሊጻፍ አይገባም። ሆኖም ትረካና ጉዞ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያጸና ለሚያጠና ሰው ልዩነቱ ብዙ ያስተምራል። ራስ ሴላስን አንብቦ የመጣ ሰው መጽሐፉን ከቦታው ጋር ያስተያያል፣ ባልተገናኘለትም ጊዜ ያዝናል ወይም ያርማል፤ ተሳላሚው ግን ለማስተያየት አይመጣም፤ ከወልድያና ከመርሳ ተነሥቶ በውርጌሳ በኩል ወደ አምባሰል ሲያቀና፣ ስእለቱን ለማድረስና በረከት ለመቀበል ይመጣል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይመለሳል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድም በመንዙማ የሚወደሱት እንደ ጀማ ንጉሥና እንደ የጁው ዳና ያሉት የሼሆች ቦታዎች፣ ከጽሑፍ ይልቅ በቃልና በዜማ የተነገረ ትረካ ሰውን በየዓመቱ እንዴት እንደሚያስጉዝ ያሳያሉ።

«ራስ ሴላስ» በሲራክ ኅሩይ ተርጓሚነት ወደ አማርኛ ተመልሷል፤ ተርጓሚው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲሆን በኦክስፎርድ የተማረ ነበር። በዚህ ትርጉም አማካይነት የአማራ ሸለቆ ታሪክ ከኡሬታና ከጆንሰን ዞሮ ወደ ተነሣበት አገር ገባ። ነገር ግን ኢትዮጵያዊውን አንባቢ ለጉዞ ያነሣሡት የራሱ ደራስያን እንጂ ጆንሰን አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተለይ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ከተተረከ ወዲህ፣ ማንኩሳንና ዲማ ጊዮርጊስን ጎጃምን ረግጦ በማያውቅ ሰው ዘንድ እንኳ የታወቁ ስሞች አደረጋቸው፤ ወደ ዲማ የሚሄድ አንባቢ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢና የጉዱ ካሳን ጎጆ በዐይኑ ሳይፈልግ አይቀርም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በጽሑፎቹ ያኖረው የአዲስ አበባው ውቤ በረሃ ደግሞ፣ ፈልጎ ለሚሄድ አንባቢ እንደ ድሮው አይገኝም፤ ሰፈሩ ተለውጧል፣ መጽሐፉ ግን አልተለወጠም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ከገበያ ተሰብስቦ ደራሲውም በቀጣዩ ዓመት ደብዛው ቢጠፋም፣ አስመራን ለአንድ ትውልድ ያሳየው እርሱ ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ለ20 ዓመት ያህል ተዘግቶ በ2010 ዓ.ም. በረራ ሲጀመር፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የመጽሐፉን አስመራ በልቡ ይዞ እንደ ተሳፈረ መገመት አያዳግትም። በየብስ ቢጓዝ ኖሮ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው የአዲስ አበባ–አስመራ ጎዳና፣ በውርጌሳ በኩል ማለፉ ነበር።

ወሎ ራሷ በአማርኛ ልብ ወለድ የተሣለችው ግን በሌላ መልክ ነው። ብርሃኑ ዘርይሁን በ1970ዎቹ ዓ.ም. ባሳተመው «ማዕበል» በተሰኘው ተከታታይ ሥራው የመጀመሪያ ክፍል የጻፈው፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ገበሬ ከቀዬው ነቅሎ ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ያወረደውን ረኀብ ነው። ጆንሰን ዛፎች ዓመቱን ሙሉ ፍሬ የሚያፈሩበት ሸለቆ ባደረገው አገር፣ ብርሃኑ እህል ያለቀበትን ጎተራና ከብቱ ያለቀበትን በረት አሳየ። የመጀመሪያው ደራሲ አገሩን አላየም፣ ረኀቡም የእርሱ ጉዳይ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ለጆንሰን ፍትሕ አይሆን ይሆናል። ሆኖም ራስ ሴላስን ያነበበ ሰው ወህኒን ፍለጋ በበቅሎ ሲጓዝ፣ ማዕበልን ያነበበ ሰው የታሪኩን ቦታ ልይ ብሎ ወደ ወሎ ሲመጣ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት በሰሜን ወሎ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ላሊበላ ይተም የነበረው የውጭ ጎብኚ እንኳ ቀንሷል። ማዕበልን በእጁ ይዞ ቢመጣ የሚያየው ሰገነት ወይም ሙዚየም የለም፤ የታሪኩ ቦታ ከደሴ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ ራሱ ነው።